ዳገት ያላየ ገዢ

በቅሎ ቆማ እያየሃት አትገዛም። ቆማማ የትኛዋም በቅሎ ሸጋ ናት። ኮርቻዋን አውርደህ ጀርባዋን ታያለህ፣ ከንፈሯን ገልጠህ ጥርሷን ታያለህ፣ ከዚያ ጭነህ ዳገት ታወጣታለህ። እኔ ባሌ ከሞተ ወዲህ ሠላሳ ዓመት በዳባትና በአምባ ጊዮርጊስ ገበያ በቅሎ ስሸጥ ስለውጥ የኖርሁ ሴት ነኝ። ፊደል አልቆጠርሁም። የበቅሎ ዕድሜ ግን ከጥርሷ አንብቤ ተሳስቼ አላውቅም።

ታዲያ ልጄ እንግዳው፣ «እማዬ፣ ቤንዚን እንደሁ የለም፣ ሰልፉ ሦስት ቀን ያሳድራል። ያገለገለች የኤሌክትሪክ ማኪና አግኝቻለሁ» ሲለኝ፣ «እኔ ሳላያት አትገዛትም» አልሁት። ሳቀ። ይሳቅ። ለዋጋዋ የሚሸጠው የእኔ ከብት ነው።

ያሰበው ከጎንደር ደባርቅ ሰው ሊያመላልስባት ነው። በዚያ መንገድ ማኪና የቆመችበት ሰው ምን እንደሚያገኘው የማያውቅ የለም። አጋቾች የሚሮጠውን አያሳድዱም፤ የቆመውን ነው የሚጠብቁ። ስለዚህ የምሻው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መንገድ ላይ የማትቆም ማኪና።

ደላላው የሻው ይባላል። ከፒያሳ ወረድ ብሎ ካለ ግቢ ውስጥ ማኪናዪቱን አጥቦ፣ ወልውሎ፣ እንደ ሙሽራ አቁሟታል። ነጭ ናት፣ ትንሽ ናት፣ ድምፅ የሚባል የላትም።

«አያ የሻው፣ እናቴ ናት» አለ እንግዳው፣ እፍር ብሎ።

«ደህና ነሽ፣ እናት? ይኸውልሽ፣ ቆጣሪዋ ገና ሃያ ሺህ ነው። አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ልጃገረድ ናት በያት!»

«ልጃገረድ ናት ብሎ የሸጠልኝ ሁሉ የሦስት ልጅ እናት ነው የሸጠልኝ» አልሁት።

በሩን ከፈትሁ። የፍሬኑ መርገጫ ላስቲክ ተልጦ ብረቱ ያበራል። መሪውን የእጅ ላብ በልቶት ልሙጥ ሆኗል። የሹፌሩን ወንበር አዲስ ልብስ አልብሰውታል፤ ገለጥ ሳደርገው ከሥሩ እንደ ገጣባ አህያ ጀርባ ተገሽልጧል።

«ጥርሷን ሞርዳችሁታል» አልሁ።

«ምን አልሽ?»

«ያረጀች በቅሎ ልጅ እንድትመስል ጥርሷ ይሞረዳል። እናንተም ቆጣሪዋን ሞርዳችሁታል። ሃያ ሺህ የሄደ እግር ላስቲክ እንዲህ አይልጥም።»

የሻው ወደ እንግዳው ዞረ። «ያልተማረች አሮጊት ስለ ማኪና ምን ታውቃለች? ባትሪዋ ዘጠና ስድስት ፐርሰንት ነው፣ ያውልህ፣ አንብብ!»

ማንበቡን እነሱ ያንብቡ። እኔ፣ «ጭነን የኮሶዬን ዳገት እናውጣት» አልሁ።

እምቢ አለ። እንግዳው ለመነው። ሁለት ጆንያ ጤፍ አስጫንሁና ሦስታችን ገባን። ልጄ እየነዳ የባትሪዋን ቁጥር ይጠራል። ወለቃ ስንደርስ «ሰማንያ አራት» አለ። ዳገቱን ስንይዝ «ሰባ» አለ፣ ከዚያ «ሃምሳ ሁለት»፤ ድምፁም አብሮ እየቀጠነ ሄደ። ኮሶዬ አናት ላይ «ሠላሳ አንድ» ሲል የሻው በመስኮት ገደሉን ያይ ነበር።

«ግድ የለም፣ ቁልቁለቱ መልሶ ይሞላታል» አለ። እውነትም ስንወርድ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ አለ። «አየሽ?»

«ቁልቁለትማ ሬሳም ይወርዳል» አልሁት።

እንግዳው ሳይገዛ ቀረ። ግን አኮረፈ። «በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለኝ። ነፍሱን ነው ያተረፍሁለት፤ ውሎ አድሮ ይወቀው።

ግቢው ስንመለስ አስናቀው በር ላይ ቆሟል። የጎረቤቴ የእማዋይሽ አንድያ ልጅ ነው። አባት የለው፣ እናቱን የሚጦር እሱ።

«እናንተ ከተዋችኋት እኔ ልያት» አለ።

«ነገ ጠዋት ና፣ አዘዞ ደርሰን እንመለሳለን» አለው የሻው።

አዘዞ! አጭር መንገድ፣ መሄጃው ቁልቁለት። አፌን ከፈትሁ። የሻው ክርኔን ይዞ ገለል አደረገኝ።

«እመት የትነበርሽ» አለኝ፣ አሁን አንቱ ብሎ፣ «አንቱ የገበያ ሰው ነዎት። የገበያን ሕግ እኔ አልነግርዎትም።»

ሕጉ ይህ ነው። በከብት ገበያ ነውሩን አይተህ የተውኸውን ከብት፣ ከኋላህ ለመጣው ገዢ ነውሩን አትነግርም። ከነገርህ ገበያ ሰባሪ ትባላለህ፤ የሚሸጥልህም የሚገዛህም አይኖር። እሱም ዓይን አለው ነው ነገሩ። ሠላሳ ዓመት ጠብቄዋለሁ። አልዋሽም፣ እኔም አንካሳ በቅሎ ሸጬበታለሁ።

ግን ያን ቀን አፌን የዘጋው ሕጉ ብቻ አይደለም። ጠዋት ያልተማረች አሮጊት ያለኝ ሰው ከሰዓት በኋላ የገበያ ሰው አለኝ። ደስ አለኝ። አገር የሚፈራው ምላሴ በዕድሜዬ አንድ ቀን አረፈ፣ ያን ቀን።

«እማማ፣ እንዴት አዩዋት?» አለኝ አስናቀው።

«ዓይን አለህ፤ እይ» አልሁት።

ሳቀና ጉልበቴን ሊስም ዝቅ አለ።

ገዛት። ሁለት ሳምንት ከፒያሳ አዘዞ ሠራባት። ባጃጁ በዝቶ አላሠራ ሲለው፣ በሐምሌ ዝናብ አራት ሰው ጭኖ ወደ ደባርቅ ወጣ። ተሳፋሪዎቹ እንደነገሩን፣ ቁጥሩ ሲያልቅ እያዩ ቢጮኹ፣ «ቁልቁለት ስንደርስ ትሞላለች» ይላቸው ነበር። ከኮሶዬ ወዲያ ቆመች። «ና በእግራችን እንሂድ፣ ይህ ቦታ አያሳድርም» አሉት።

«የእናቴ እንጀራ ናት፣ ጥያት የት እሄዳለሁ? ትንሽ ካረፈች ትነሣ ይሆናል» ብሏቸው ብቻውን ቀረ።

ካረፈች የምትነሣ በቅሎ ናት።

በስምንተኛው ቀን ሬሳው ከገደል ሥር ተገኘ። ማኪናዪቱ እዚያው እንደቆመች ነበረች። አጋቾቹ እንኳ ጥለዋት ሄደዋል፤ አትሄድማ። ሬሳውን ተሸክመው ካወጡት አንዱ እንግዳው ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ከእኔ ጋር አይነጋገርም።

ለቅሶ ሄድሁ። የሻው ከወንዶቹ መካከል ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። እማዋይሽ ጮኻ ጮኻ ድምጿ አልቋል። እጄን ይዛ ሳበችኝ።

«የትነበርሽ፣ ያችን ማኪና አንቺም ሄደሽ አይተሻት ነበር አሉኝ። ምነው፣ ነውር ነበረባት?»

የሻው ቀና አለ።

«እኔ ያልተማርሁ አሮጊት» አልሁ፣ «ስለ ማኪና ምን አውቃለሁ?»

«እውነትሽን ነው፣ እኅቴ። ከየት ታውቂዋለሽ» አለች። ጠጋ ብላም ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝ። ተቀመጥሁ።