ከወደፊት የመጣ መርዶ

ጋሽ ሀብተወልድ ጎህ ሲቀድ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከታዩ፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ዳገት የሚኖር ሰው ሁሉ በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቆ ያያቸዋል። የእሱን በር አልፈው ከሄዱ «ተመስገን» ብሎ ይተኛል፤ ወዲያው ደግሞ «የማን ይሆን?» ብሎ ይነሳል። በዚያ ሰዓት እሳቸው የሚያንኳኩት በር የመርዶ በር ነዋ።

ማንም አልሾማቸውም። ጡረታ ሳይወጡ የአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበሩና፣ ባልደረባ መንገድ ላይ ሲቀር ለቤተሰቡ የማርዳቱ ዕዳ እሳቸው ላይ ወደቀ፤ አንዴ ወደቀ፣ ሁለቴ ወደቀ፣ በዚያው ሙያ ሆኖ ቀረ። ደንብም አበጁለት። ባለሐዘኑ ከቤቱ ሳይወጣ ይደረስበታል። ሲወድቅ የሚይዘው ጉልበተኛ አብሮ ይሄዳል፤ ይኸውም ዘወትር እትዬ ወርቅአየሁ ናቸው፤ ክንዳቸው የወንድ ነው። ከባለሐዘኑ እምነት አንድ ሽማግሌ ይጨመራል። ከሁሉ በፊት ግን ይረጋገጣል። አስከሬኑን በዓይኑ ያየ ሰው ካልተገኘ ጋሽ ሀብተወልድ ጋቢያቸውን ከሚስማሩ አያወርዱም። የጎረቤታቸው የዘነበ ወንድም መኪና ተገልብጦበት ሞተ ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ሲንሾካሾክ፣ «ያየ ሰው አምጡ» ብለው አልነቃነቅም ያሉት እሳቸው ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ሰውዬው እግሩን በጄሶ አሽጎ፣ በክራንች እያነከሰ ዳገቱን ወጣው። የዘነበ እናት እስከ ዛሬ ሲያገኟቸው ጉልበት ካልሳምኩ ይላሉ።

እንዲህ ያለውን ሰው ያሳሳተው ስልክ ነው። ልጃቸው ሩሃማ ለሥራ ሐዋሳ ስትሄድ አዲስ ስልክ ገዛችና አሮጌውን ለአባቷ ተወችላቸው። በስልኩ በሚመጣ ቪዲዮ ላይ ግማሽ ፊቱን በጥላ የከለለ አንድ ፈረንጅ ነበር። «ከሁለት ሺህ ዘጠና መጣሁ፤ የሚሆነውን ሁሉ አይቼ ተመልሻለሁ» ይላል። እሱ ሲናገር አንድ የኛ ሰው ድምፁን አጎርንኖ በአማርኛ ይከተለዋል። ጋሽ ሀብተወልድ መጀመሪያ ሳቁበት። ቀጥሎ ዝም ብለው ሰሙት። በኋላማ ሰው ሲያወራባቸው «እስቲ አንዴ» እያሉ ዝም ማሰኘት ጀመሩ።

ማታ ማታ የጠሀ ሱቅ ይሄዱና የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ይቀመጣሉ። ከፍሪጁ አናት ላይ ትንሽ ቴሌቪዥን አለች፤ የማታው ዜና ሲጀምር ስልካቸውን ከፍተው ጉልበታቸው ላይ ያኖራሉ። ዜና የሚሰሙት ለማወቅ መሆኑ ቀርቷል፤ የወጣ የሎተሪ ቁጥር እንደሚያመሳክር ሰው ሆነዋል።

«ይኸው ጠሀ። ‹ውኃ ባለጸጎችን ከአልጋቸው ያስነሳል› ብሎ ነበር። ተመልከት፣ መኪናቸው ሲንሳፈፍ።»

«ጋሼ፣ የት አገር ነው ያለው?»

«አገር አልጠራም። አስተዋይ ሰው አገር አይጠራም።»

«መቼ ነው ያለውስ?»

«ቀርቧል ነው ያለው። ቀረበ፤ ሆነ።»

ጠሀ የስኳሩን ከረጢት እያሰረ አሰበና፣ «ከሁለት ሺህ ዘጠና መጣሁ ነው አይደል የሚለው? በኛ ነው በፈረንጅ?» አላቸው።

ጋሽ ሀብተወልድ ይህን አላሰቡበትም ነበር። «ለሱ ምኑ ነው፣» አሉ፣ «መጣ አይደል እንዴ።»

«እንግዲያው ወላሂ እኔም ከወደፊት ነው የመጣሁት። ነገ መብራት ይጠፋል። መገናኛ ላይ ደግሞ አንድ የታክሲ ረዳት በመልስ ምክንያት ከተሳፋሪ ጋር ይያያዛል።»

በማግስቱ ሁለቱም ሆነ። ጠሀ በሻማ ብርሃን ሳሙና እየሸጠ፣ «ጋሼ፣ እኔን የሚተረጉመኝ ሰው ነው ያጣሁት» አላቸው። ሳቁ። ግን ሰውዬውን ከማመን አልተመለሱም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በአንድ ማክሰኞ ማታ፣ ቴሌቪዥኑ በአንድ የዓረብ አገር ከተማ የሚነድ ሕንፃ አሳየ። ረጅም ነው፤ ሁለመናው መስተዋት ነው፤ እሳቱ የያዘው ደግሞ መሐሉን ነበር። ጋሽ ሀብተወልድ ከሳጥናቸው ተነሱ። ሰውዬው ምን ብሎ ነበር? «በአሸዋ አገር የመስተዋት ፎቅ ከወገቡ ይነዳል፤ የሰው አገር ልጆች ከላይ ይቀራሉ።» ዜና አንባቢዋ የሟቾቹ ቁጥር ገና አልታወቀም አለች፤ በሕንፃው ውስጥ ከውጭ የመጡ የቤት ሠራተኞች እንደነበሩም ጨመረች።

«አላልኩም?» አሉና መዳፋቸውን በመዳፋቸው መቱ። አንዴ፣ ጠበቅ አድርገው፣ ጎል እንደገባለት ሰው።

ጠሀ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰው። «ጋሼ፣ የዳርቱ ልጅ እዚያ ከተማ አይደለችም እንዴ?»

ዳርቱ ከጠሀ ሱቅ ከፍ ብሎ ብቻዋን ትኖራለች። ጎህ ሲቀድ ጆንያዋን አዝላ ወደ ታክሲው ትወርድና ጉርድ ሾላ መንገድ ዳር ድንችና ሽንኩርት ስትሸጥ ትውላለች። ያለቻት ኢፍቱ ብቻ ናት፤ ኢፍቱም በዚያ ከተማ የሰው ቤት ትሠራለች። ባለፈው ፋሲካ ከአሠሪዎቿ መስኮት ያነሳችውን ፎቶ ልካ ነበር፤ መኪኖቹ ከታች ጉንዳን መስለው። ፎቶውን ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል።

ጋሽ ሀብተወልድ የኢፍቱን ቁጥር ከአክስቷ ልጅ ተቀብለው ደወሉ። ይጠራል፣ አይነሳም። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ደወሉ። ይጠራል፣ አይነሳም። የአክስቷ ልጅም ጨነቃትና ትደውል ጀመር፤ ለዘመድ ሁሉ አስወራች፣ ዘመድ ሁሉ ይደውል ጀመር። ዳርቱን አንድም ሰው አልጠየቃት። እሷስ እንዴት ተብላ ትጠየቃለች?

ማታ አቶ ጉተማ ዘንድ ሄዱ። አቶ ጉተማ ዳርቱ የምትዘምርበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ። ነገሩን ሰምተው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«ተረጋግጧል?» አሉ።

«ተረጋግጧል።»

ማን አረጋገጠው ብለው አልጠየቁም። ጋሽ ሀብተወልድ ተረጋግጧል ካሉ ተረጋግጧል፤ የዘነበ ወንድም በክራንቹ እየሄደ የሚመሰክርላቸው ሰው ናቸው። እትዬ ወርቅአየሁም አልጠየቁም። ነጠላቸውን አዘጋጁ፤ ዕድሩም ድንኳኑን አሰናዳ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሦስቱ ዳገቱን ወጡ። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ፊት ይቆርጣል። የዳርቱ ቤት መብራት በርቷል። ከውስጥ ድንች ወደ ጆንያ ሲገባ ይሰማል፤ እሷም ቀስ ብላ መዝሙር ታዜማለች። ጋሽ ሀብተወልድ ቆሙ። በዚያች ቅጽበት፣ በዕድሜያቸው ሁሉ ሌላውን የጠየቁትን ጥያቄ ሆዳቸው እሳቸውን ጠየቃቸው፤ ያየ ሰው የታለ? «ትንሽ እንቆይ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አቶ ጉተማ አንኳኩ።

ዳርቱ በአንድ እጇ ድንች እንደያዘች ከፈተች። ሦስቱን አየች። ጋቢውን አየች። ለዚያ ሰፈር ሰው ቃል አያስፈልገውም፤ በዚያ ሰዓት የሦስት ሰው መቆም ራሱ መርዶ ነው። አልጮኸችም።

«ኢፍቱ ናት?» አለች።

ጋሽ ሀብተወልድ ስንት አዋዝቶ መናገሪያ ያውቁ ነበር። «አይ፣ ታማለች ብለን ነው» ማለት ይቻላል። «ስልኳ ስላልተነሳ ነው» ማለትም ይቻላል፤ እውነትም ነበር። እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፉ። ድንቹ ከእጇ ወድቆ በደጁ ተንከባለለ፤ እትዬ ወርቅአየሁ ያዟት።

ፀሐይ ሳትሞቅ ድንኳኑ ቆመ። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች መጥተው ቀስ ብለው ዘመሩ፤ የጎረቤት ሴቶች በራሳቸው ደንብ ደረታቸውን መቱ፤ ጠሀ ሱቁን ዘግቶ ውኃ በካርቶን ተሸክሞ መጣ። የኢፍቱ ፎቶ ከሻማ ሥዕል ጋር በየስልኩ ዞረ። ጋሽ ሀብተወልድ እንደ ወጉ ከመግቢያው ተቀምጠው ነበር። ማልቀስ ፈለጉ፤ እንባቸው እምቢ አላቸው። እንባቸው በመጣ ቁጥር ያቺ ጭብጨባ ትቀድመዋለች። ልጅቷ ትዝ ሳትላቸው በፊት ደስ ብሏቸው ነበር። ለካ ሰውዬው እውነቱን ነው ብለው ደስ ብሏቸው ነበር። መዳፋቸውን ጋቢው ሥር ደበቁት።

ረፋዱ ላይ እትዬ ወርቅአየሁ በመቀነታቸው የያዙት የዳርቱ ስልክ ጮኸ። አነሱት። ከዚያ በዚያ የወንድ ክንዳቸው ስልኩን ዳርቱ ጆሮ ላይ አደረጉት።

ዳርቱ ብዙ አዳመጠች። ድምፅዋ ሲወጣ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር።

«ቁርስ በልተሻል?» አለች።

ኋላ እንደተሰማው፣ አሠሪዋ ለኢፍቱ ስልኳን የምትሰጣት ከሐሙስ ማታ እስከ አርብ ጠዋት ብቻ ነው፤ በሌላው ቀን መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍበታል። ዳርቱ ይህን ታውቅ ነበር፤ ማንም ስላልጠየቃት አልተናገረችም። የተቃጠለው ሕንፃ ኢፍቱ ከምትሠራበት ቤት በመኪናም ቢሆን ሩቅ ነው። አሠሪዋ ከማክሰኞ ጀምሮ መሳቢያው ሲጮህባት ሲጮህባት መረራትና፣ ሐሙስ ረፋድ ከፍታ ስልኩን ወረወረችላት። ኢፍቱ ብትከፍተው የራሷን ፎቶ ከሻማ ጋር አገኘች።

ድንኳኑ ውስጥ አንዳንዱ አመሰገነ፣ አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ገና አሁን አለቀሰ። አቶ ጉተማ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሀብተወልድ፣ ማነው ያረጋገጠልህ?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ጋሽ ሀብተወልድ ወደ ጠሀ ተመለከቱ። እሱ ቢቀልድባቸው በወደዱ። ጠሀ ባዶውን ካርቶን አጥፎ አጥፎ መሬት መሬት ያያል።

«ያ ሰውዬ ነው፣» አሉ፣ «ስልክ ላይ ያለው።»

«የየት አገር ሰው ነው? እዚያ ነው የሚኖረው?»

«አይ... ከወደፊት የመጣው።»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻል ነበር።

ሳቁ የመጣው ኋላ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ አልሄድ አለ። ዘነበ ጉንፋን ይዞት ሲያስል እናቱ «ቀስ በል፣ ጋሽ ሀብተወልድ እንዳይሰሙህ» አሉት። ጉልበት ካልሳምኩ የሚሉት እኚሁ ናቸው። አንዱ ሎተሪ ሻጭ የሚወጣውን ቁጥር ጠየቃቸው። ጋሽ ሀብተወልድ ስልኩን ሳጥን ውስጥ ቆለፉት፤ ፀሐይ ካልበረታ ከቤት መውጣት ተዉ። ከላይኛው ሰፈር አንድ አዛውንት ሲያርፉ ማንም አልጠራቸውም። ጎህ ሲቀድ ሦስት ጋቢ በደጃቸው ሲያልፍ፣ እንደ ሌላው ሰው እሳቸውም በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቀው አዩ።

ዳርቱ ጋ ይቅርታ ሊሉ ብዙ ጊዜ ተነሱ፤ ብዙ ጊዜ ከበራቸው ተመለሱ። ሽማግሌ ልላክ እንዳይሉ፣ ሽማግሌ ያሳሳቱት እሳቸው።

በአንድ አርብ፣ ገና ሳይነጋ፣ በራቸው ተንኳኳ።

ጋሽ ሀብተወልድ ከአልጋቸው ወረዱ። በሕይወታቸው ከውጭ ሆነው እንጂ ከውስጥ ሆነው ያን ማንኳኳት ሰምተውት አያውቁም። ከፈቱ። ዳርቱ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ፣ የድንች ጆንያዋን ከእግሯ ሥር አስቀምጣ ቆማለች።

«ሩሃማ ናት?» አሉ።

ዳርቱ አየቻቸው። ትንሽ ቆይታ አየቻቸው።

«አይደለችም፤ ስልክ ነው» አለችና እጇን ዘረጋች። «ኢፍቱ ናት። ጋሽ ሀብተወልድን ካላገናኘሽኝ ብላኝ።»

ጋሽ ሀብተወልድ የበሩን መቃን ተደግፈው ስልኩን ተቀበሉ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ለቅሶዬ ላይ ማን ማን መጣ?»

«ኧረ ተይኝ ልጄ...»

«አልተውም። እናቴ አላየሁም ትለኛለች። እርስዎ ደጅ ነበሩ አሉ። አክስቴ ቀረች?»

«ቀረች። መኪና አጣሁ ብላ ነው።»

«ድሮስ። ጠሀስ?»

«ሱቁን ዘግቶ መጣ።»

«ጠሀ ሱቅ ዘጋ?» ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እርስዎስ ጋሼ? አለቀሱልኝ?»

ዳርቱ ጆንያዋን ለማዘል ጎንበስ ብላ ነበር፤ እጇ ጆንያው ላይ ቀረ። ጋሽ ሀብተወልድ መዳፋቸውን አዩት። መዋሸት ቀላል ነበር።

«አላለቀስኩም፣» አሉ። «ያ ሰውዬ ያለው ደረሰ ብዬ ቀድሞ ደስ አለኝ። አንቺ ትዝ ያልሽኝ ከዚያ በኋላ ነው።»

ኢፍቱ፣ «እንግዲያው ለቅሶው ዕዳ ነው፤ የምሬን ስሞት ይከፍሉኛል» አለችና፣ አሠሪዋ ልትነሳ ነው ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ጋሽ ሀብተወልድ ዳርቱን ቀና ብለው ሊያይዋት አልቻሉም። ዳርቱ ስልኳን ተቀብላ ጡቷ ሥር ሸጎጠች። «ረፈደብኝ ማለት ነው፣ ታክሲው ሊያመልጠኝ ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ጆንያውን ግን አላነሳችም።

ገባቸው። ጋቢያቸውን ሚስማሩ ላይ ተዉት፤ በሹራባቸው ወጥተው ጆንያውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ከባድ ነበር፤ ድንቹ አጥንታቸውን ይወጋል። ዳርቱ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ቁልቁለቱን ያዙ።

በየመጋረጃው ጠርዝ ዓይን ነበረ። አንዱ በር ገርበብ አለና እትዬ ወርቅአየሁ በሌሊት ልብሳቸው ብቅ አሉ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«በሰላም ነው ጋሼ? የማን ነው?»

ጋሽ ሀብተወልድ ከጆንያው ሥር አንገታቸውን ሳያቀኑ መለሱ።

«ድንች ነው።»