አባቷ የጠገበ ቀን

እንቅልፎ እንዲህ ተጨንቃ አታውቅም። ፈተና ላይ እንኳን አትጨነቅም፣ ፈተናማ ተኝታ ነው የምትሠራው ይሏታል ቤት ውስጥ፣ ስሙም የወጣላት ከዚያ ነው። ዛሬ ግን ቅዳሜ ነው፣ "ሳህን ሙላ" ይጫወታሉ፣ ያሸነፈ ደግሞ የወንድሟን ክፍል ይወስዳል።

ታላቅ ወንድሟ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደና ክፍሉ ባዶ ቀረ። መስኮት ያለው፣ በሩ ግጥም ብሎ የሚዘጋ፣ ወይኔ፣ የሚያስጎመጅ ክፍል። እንቅልፎ አሁን የምትተኛው ከአክስቷ ጋር ነው። ከአክስቷ ጋር ብቻ ቢሆንማ ጥሩ ነበር፣ ከአክስቷና ከስፌት መኪናዋ ጋር ነው። አክስቷ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ገና ሳይነጋ ፔዳሉን ትረግጣለች፣ ተተተተተ፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ልጅቷን ሸለብ ሊያደርጋት ሲል ደግሞ ተተተተተ። ትራሱን ጭንቅላቷ ላይ ብትጭነው አልጋው ራሱ ይንቀጠቀጣል። አክስቷም በበኩሏ ክፍሉን ፈልጋዋለች፣ መስኮት በሌለበት ክር ማስገባት ዓይኔን ጨረሰው ትላለች። እውነቷን ነው ደግሞ። ግን እውነት መሆኑ ለእንቅልፎ ምን ያደርግላታል?

ሁለቱ ሲነታረኩ እናትየዋን ሰለቻት። መዋዕለ ሕፃናት ነው የምታስተምረው፣ ቀኑን ሙሉ "እሱ ነካኝ፣ እሷ ቀማችኝ" ስትሰማ ትውላለች።

"ቤቴ ገብቼ ደግሞ እናንተን ላስታርቅ?" አለች። "ቅዳሜ ሳህን ሙላ ተጫወቱ። ያሸነፈ ይውሰድ፣ የተሸነፈ አፉን ይያዝ።"

ጨዋታው ቀላል ነው። ካርዶቹ ላይ የምግብ ሥዕል አለ። ሁሉም እጁ ላይ ካለው አንዱን መርጦ ፊቱ ያስቀምጥና የቀረውን በግራው ላለው ሰው ያቀብላል፣ ካርዱ እስኪያልቅ እንዲህ እየተዞረ። የተጠበሰ ዶሮ ሁለት ነጥብ ነው። ሾርባ ከዳቦ ጋር አራት፣ ብቻውን ምንም። ኬክ ግን ጉደኛ ነው፤ አንድም ሁለትም ቢሆን ዜሮ፣ ሦስት ከሞላ አስራ አምስት።

እንቅልፎ ደግሞ ሚስጥራዊ መሣሪያ አላት፣ አባቷ። አባቷ ሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ ምግብ አብሳይ ነው። ጨው የሌለው ነገር ሲያበስል ስለሚውል ካርድ ሲይዝ ነጥብ የሚባል ነገር አይታየውም። እሱ ካርድ አይመርጥም፣ ይበላል። ሲርበው ዶሮውን ያነሳል፣ አሳውን ያነሳል፣ ኬኩን ዞር ብሎም አያየው። አንዴም አሸንፎ አያውቅም፣ ግድም የለው። እንቅልፎ ሁሌ በግራው ነው የምትቀመጠው፣ የተራበ አባት ያሳለፈው ኬክ ሁሉ እሷ እጅ ላይ ዱብ ይላል።

ስለዚህ ዛሬ ሥራዋ አንድ ነው፣ አባቷ እንዳይበላ መጠበቅ።

ቁርሱን ራሷ አቀረበችለት፣ ሻይና አንዲት ቁራሽ ዳቦ።

"ይሄ ምንድነው?" አለ አባቷ ዳቦዋን ገልበጥ አድርጎ እያየ።

"ዳቦ አልቋል፣ አባዬ።"

"ትናንት እኔ አይደለሁ የገዛሁት?"

"ጥሩ ዳቦ ነበራ።"

ምሳውንም ከጨዋታው በኋላ አብረን ብንበላ ይጣፍጣል ብላ አስተላለፈችው። ሆዱ ሲያጉረመርም ኮሪደር ድረስ ይሰማል፣ ለእሷ ሙዚቃ ነው። ብቻ አንድ ስህተት ሠራች። ፀጉሯን ልትታጠብ ገባች።

ስትወጣ አባቷ ሶፋው ላይ ተንጋሏል። ቀበቶው ተፈትቷል። ፊቱ ትልቁ የእንግዳ ሳህን አለ፣ ፓስታ እንደነበረበት የሚያሳብቅ ሱጎ ብቻ ቀርቶበታል። አክስቷ አጠገቡ ቆማ እጇን በፎጣ ትጠርጋለች።

"ጋሼ፣ ትንሽ ልጨምርልህ?"

"በቃኝ እህቴ። ኧረ ልተንፍስ።"

"ሰው በገዛ ቤቱ ይራባል እንዴ?" አለችና ወደ እንቅልፎ ዞረች። "ውይ፣ ፀጉርሽ እንዴት አማረ።"

ካርዱ ታደለ። አባት ለእንቅልፎ፣ እንቅልፎ ለአክስቷ፣ አክስት ለእናት፣ እናት ለአባት ያቀብላሉ። ገና ሲጀመር አባትየው እጁን አየ፣ ዶሮው ላይ ሲደርስ ፊቱን አጨማደደ፣ ኬክ አነሳ። እንቅልፎ ወደ አባቷ ተጠጋች።

"አባዬ፣ ዶሮውን አላየኸውም? ቆዳው እንዴት እንደተጠበሰ፣ ሲቆርሱት ቅርጭጭ የሚል..."

"ተይኝ ልጄ፣ ስለ ዶሮ አታውሪብኝ። ጣፋጭ ነው ያማረኝ።"

"ካርድ እኮ ነው።"

"ካርድም ቢሆን ይከብዳል።"

አክስቷ ሳል አስመስላ ሳቀች።

አባቷ ባቀበላት ካርድ ውስጥ አንድ ኬክ ቀርቷል፣ ጥጉ የታጠፈ። እንቅልፎ አሰበች። ሌላውን እሱ እየዋጠው ይሄ አንድ ብቻውን ምን ይሠራላታል? ዶሮ ያዘችና ኬኩን ለአክስቷ አሳለፈች። አክስቷ ሾርባና ዳቦ ነው የምታጋጥመው፣ አሳለፈችው። እናትየዋ ውፍረት ልቀንስ ካለች ወዲህ ካርድ ላይም ሰላጣ ብቻ ነው የምታነሳው፣ አሳለፈችው። ማንም ልብ አላለውም፣ ምክንያቱም እንቅልፎ የምታየው የአክስቷን ዳቦ ነው፣ አክስቷ የምታየው የእንቅልፎን ዶሮ ነው።

"አክስቴ፣ ሌላ ዳቦ? አልበዛም?"

"እኔ ዛሬ ሰው ሳበላ ነው የዋልኩት የኔ እናት፣ ለራሴም ልያዝ እንጂ።"

እናትየዋ የሁለቱን ቆጠረች። አክስት በሁለት ነጥብ በለጠች። እሷም ጊዜ ሳታጠፋ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ክፍሉን ልትለካ ተነሳች፣ እንቅልፎ ደግሞ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች።

"የኔስ አይቆጠርም?" አለ አባቷ።

"አንተ መቼ ነጥብ ኖሮህ ያውቃል?" አለች እናትየዋ። ከዚያ ካርዱን አየች። ደግማ አየች። "ሦስት ኬክ።"

እንቅልፎ ቀና አለች። ሦስተኛው ጥጉ የታጠፈው ነው። በገዛ እጇ ያሳለፈችው፣ ቤተሰቡን ሁሉ ዞሮ አባቷ ሆድ ገባ። አንድ ነጥብ፣ በአንዲት ነጥብ አሸነፈ።

"በል እንግዲህ፣ ክፍሉ ያንተ ነው" አለች እናትየዋ።

"ምን ላደርገው?" አባቷ ሆዱን ዳበሰ። "ጠግቤያለሁ። ምንም አያምረኝም።"

"እንዲያማ ከሆነ ላበላህ ሰው ስጠው" አለች አክስቷ።

"እኔ ልጅህ ነኝ" አለች እንቅልፎ።

"አንዷ በረሃብ ልትገድለኝ፣ አንዷ በጥጋብ" አለ። የማያውቅ መስሏቸው ነበር። "ለሁለታችሁም አልሰጥም። ለስፌት መኪናው ሰጥቻለሁ። መኪናው እዚያ ይግባ፣ የሚሰፋ ሄዶ ይስፋ፣ ማታ ግን እንደ ድሯችሁ አንድ ክፍል ተኙ።"

ሁለቱም ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ ግን በምን በኩል እንደሚቆጡ ጠፋቸው።

በማግስቱ መኪናውን ተሸክመው አስገቡ። ሰኞ ሳይነጋ አክስቷ በጣቷ ጫፍ እየተራመደች ወጣች፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች። ፀጥ። እንቅልፎ የዕድሜ ልክ ህልሟ ውስጥ ተንጋላ ጣሪያውን አየች። ገልበጥ አለች። ምነው ዝም አለ? ትራሱን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች፣ የሚሸሹት ነገር ግን የለም። በሁለት በር በኩል የሚመጣው የመኪናው ድምፅ ደግሞ ጭራሽ ሳል የያዘው ጉንዳን ነው የሚመስለው።

ትራሷን አቅፋ ሄደችና በሩን ገፋችው።

"መስኮቴን ልትቀሚኝ መጣሽ?" አለች አክስቷ ቀና ሳትል።

"አይደለም። ዝም ብለሽ ስፊ።"

የዩኒፎርሙ ክምር ላይ ጥቅልል አለች። አክስቷ አንዷን ኪስ ሰፍታ ሳትጨርስ እንቅልፎ ማንኮራፋት ጀምራለች።