የሰአዳ ቀዷ

ልጆቼ፣ ሰውን ሳያውቁ የሚጎዱበት ደግነት አለ። እኔም አንድ ጊዜ እንዲያ አድርጌያለሁና ልንገራችሁ።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ በር ጠባቂ ነኝ። እዚያ ሰአዳ የምትባል የአልዩ አምባ ልጅ ከአንኮበሯ ከማርያማዊት ጋር አንድ ክፍል ትኖር ነበር። ሁለተኛ ዓመት ናቸው። ሰአዳ የቆላ ልጅ ናትና ብርዱ አይሆንላትም፤ የምታጠናው ጋቢ ተከናንባ ነው።

አንድ ሰሞን ከመመገቢያ አዳራሹ ጠፋች። ማርያማዊት "ነይ እንጂ" ስትላት "ቀዷ አለብኝ" ትላለች፤ በረመዷን ያመለጣትን ጾም መተካቷ ነው። ጾመኛን ማን ብዪ ብሎ ይጎተጉታል? ማርያማዊት እሷ ፊት መቁረስ ነውር ሆኖባት ዳቦዋን ደጅ ወጥታ ትበላ ጀመር። እኔም በበሩ ባለፈች ቁጥር "አላህ ይቀበልልሽ" እላታለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሐሙስ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አየኋት። ደብተሯ ጭኗ ላይ ነው። አዛን አለ። እኔ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ነው ያደግሁት፤ ጾመኛ በዚያች ሰዓት ጆሮው አዛኑ ላይ፣ እጁ ተምሩ ላይ ነው። ሰአዳ ግን ቀና አላለችም።

"ሰአዳዬ፣ አታፈጥሪም እንዴ?"

"እሺ እማማ፣ አሁን።"

"ቆይ እስቲ፣ ስንት ቀን ነው ያመለጠሽ?"

"ሰባት።"

"እኔ ከአራተኛ ክፍል ባላልፍም መቁጠር አላቃተኝም። ሃያ ቀን አለፈሽ እኮ!"

ልትስቅ ነበር፤ እንባዋ ቀደማት።

"ምግብ አልወርድ አለኝ፣ እማማ። እንቅልፍም የለኝ። ፈተና ወደቅሁ። ቅዳሜ ትምህርቱን ትቼ ልሄድ ነው፤ አባቴ አያውቅም። ጾም ላይ ነኝ ስል ማንም አይጠይቀኝም። በጾም ስም መዋሸቴ ደግሞ መስገድ እንኳ አሳፈረኝ።"

ያን ሁሉ ቀን "ይቀበልልሽ" እያልኩ ነበር ያሳለፍኳት! ወዲያው ማርያማዊትን ጠራኋት። ሰምታ ወገቧን ያዘች።

"አንቺ! እኔ ላንቺ ብዬ ውርጭ ላይ ቆሜ ዳቦ ስበላ ከርሜ!"

"ስታስዪ እሰማሽ ነበር" አለች ሰአዳ። ሦስታችንም ሳቅን።

"ሂጂም ቅሪም አልልሽም" አልኳት። "በባዶ ሆድ የተቆረጠ ነገር ግን አይጸናም። እስከ ቅዳሜ ብዪ፣ ተኚ። ከዚያ እሄዳለሁ ካልሽ ሻንጣሽን እኔ ነኝ የምሸከመው።"

ያን ምሽት አጥሚት ነው የወረደላት፤ ግማሽ ኩባያ። በማግሥቱ ማርያማዊት ተማሪዎችን ወደሚያማክሩት ባለሙያ ወሰደቻትና ደጅ ቁጭ ብላ ጠበቀቻት። ከዚያ ሰአዳ ጁምዓ ሰግዳ ተመለሰችና ከበሩ አጠገብ ሆና አባቷ ጋ ደወለች። ሁሉንም ነገረቻቸው። የአባቷ ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል፤ "ፈተናው ይደረስበታል። አንቺ ዛሬ በልተሻል ወይ?" ይላሉ።

ቅዳሜ ጧት በሩ ላይ ሆኜ ስጠብቅ ሁለቱ ልጆች መጡ። ሰአዳ ፊቷ ገና ግርጥት እንዳለ ነው። የወደቀችውን ትምህርት ደግማ ልትወስድ ተመዝግባለች፤ ማክሰኞ ደግሞ ባለሙያዋ ቀጥራታለች። በእጇ የያዘችው ግን አንድ ሳህን ብቻ ነው።

"እማማ፣ ቁርስ አልቆ ይሆን?" አለችኝ።

"ሩጪ!" አልኳት።