አሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ወንዙ የቆመ ዕለት

እውነት ነው... የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው። ከዋሸሁ ምላሴን ይቁረጠው!

አረንጓዴ ነበር ውሃው ላይ። በሳህን የበቀለ ስንዴ፣ ሥሩ ነጭ፣ ጫፉ የተቋጠረ... ይሄዳል አረንጓዴው፣ ይሄዳል፣ ወንዙም ይዞት ይሄዳል።

ኢራኖች ናቸው የጣሉት፣ እዚህ ስዊድን አገር ጎረቤቶቼ። አዲስ ዓመታቸው በገባ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሜዳ ይወጣሉ፤ ያበቀሉትን ስንዴ፣ ምኞታቸውን ቋጥረውበት፣ ለወንዝ ይሰጣሉ። በዚያን ቀን ደግሞ መዋሸት ይፈቀዳል።

ይፈቀዳል አሉኝ... ለእኔ! ውሸት እንደ ጠላ ለምጠምቀው፣ ለእኔ!

ቤት አልነበራቸውም፣ የማኅበር ቤት። ፎቃችን ሥር ያለው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው ቤታቸው። እዚያ ልጆቻቸውን ፊደል ያስቆጥራሉ፣ እዚያ ለቅሶ ይቀመጣሉ፣ እዚያ ልጅ ይድራሉ... የእኔ ካልሲ ከጎናቸው እየተሽከረከረ።

ሽማግሌያቸው አጋ ኪዩማርስ ብቻ እጃቸውን ሰበሰቡ። አጋ ማለት እንደኛ አቶ ነው። ታር አላቸው፣ ክራር የሚመስል፣ አገራቸው ሳሉ ሰው የሚያስለቅሱበት። «በሳሙና ሽታ መሀል አልመታውም» ብለው ማሉ። «ቤት ሲኖረን።»

ማዘጋጃ ቤቱን አዳራሽ ለመኑ፤ ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ። ቤት ሲኖረን...

አረንጓዴው እየሄደ ሳለ ተነሣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ጮህኩ፦

«ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሹን ፈቀደላችሁ! አሁን ደወሉልኝ!»

«አንተ ቀጣፊ!» አለች ፓርቫኔ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር። «ለአንተ ደግሞ በየትኛው ቋንቋህ ነው የሚደውሉልህ?»

ሳቁ። ቀኑን ያውቁታላ!

አጋ ኪዩማርስ ግን ጆሯቸው ደከም ብሏል። ጩኸቴን ሰሙ፤ ሳቁን ደስታ አደረጉት። ብድግ ብለው ሄዱ... ሲመለሱ ታሩን እንደ ሕፃን አቅፈውታል።

መቱት።

ቆመ ወንዙ። ምላሴን ይቁረጠው፣ ቆመ! ነፋሱ ቆመ፣ ዓሣው ቆመ፣ አረንጓዴው እግሬ ሥር ደርሶ ቆመ። «ውሸት ነው» የሚል አንድ ሰው ጠፋ። ፓርቫኔ እኔን ታያለች፣ እኔ ውሃውን አያለሁ...

ሲጨርሱ እጄን ያዙኝ።

«ድንበሩ ጃን» አሉኝ በስሜ፤ ጃን ማለት ነፍሴ ማለት ነው። «ቁልፉን መቼ ነው የሚሰጡን?»

ነፍሴ አሉኝ... እኔን።

ነገርኳቸው። ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብዬ፣ አንዴ ቢያቅታቸው ደግሜ፣ ውሸቴን ነው ብዬ ነገርኳቸው።

ሳቁ። «ዛሬማ ይፈቀዳል!» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፣ ሳቁ።

ክረምት መጣ። ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አሁንም ፊደል ይቆጠራል፣ ካልሲዬ አሁንም ይዞራል... ታር ግን አይሰማም።

ወንዙ መቆሙ እውነት ነው። አረንጓዴው እግሬ ሥር መቅረቱም እውነት ነው፤ ዛሬም ሄጄ አየሁት፣ ቢጫ ሆኗል፣ ቋጠሮው አልተፈታም፣ ውሃው አልወስድም ብሎታል።

አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨመርኩ...

አጋ ኪዩማርስ አልሳቁም።