የጣራው ድብደባ

ፒካፔን ስገዛት አሮጌ መሆኗን አውቅ ነበር። እንዲህ ጯሂ መሆኗን ግን ሻጩ አልነገረኝም። ስትነሳ የደብረ ኤልያስ ገበያ አህያ ሁሉ ይደነብራል። የኋላ መዝጊያዋ ይንኳኳል፣ የጋቢናዋ ጣራ ይንቀጫቀጫል፣ ከወንበሩ የወጣው ሞላ መቀመጫዬን ይወጋኛል። ሁለቴ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት፤ ድምፁ ቦታ ቀይሮ ተመለሰ። በኋላ ጆሮዬ ለመደው።

እውነቱን ልናገርና ኮርቼባት ነበር። ባገራችን ሰው ሲታመም ወንዱ ሁሉ ወጥቶ በቃሬዛ እየተፈራረቀ ይሸከማል። እኔ መኪና ከገዛሁ ወዲህ ትከሻዬን ቃሬዛ ነክቶት አያውቅም። ጎረቤቴ እንዳላማው እናቱን አሸክሞ ወደ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ሲሄድ፣ ጤፍ ጭኜ ከኋላቸው ደረስኩና ጡሩምባ ነፋሁባቸው። ከነበሽተኛዋ ቦይ ውስጥ ወርደው አሳለፉኝ። እንዳላማው ቀና ብሎ አየኝ።

በሐምሌ ሚስቴን ጥላነሽን ምጥ ያዛት። ስምንት ዓመት ስንለምነው የኖርነው የመጀመሪያ ልጃችን ነው። ሁለት ቀን አምጣ አልወለድ ሲላት፣ አዋላጇ እማማ ሸጊቱ ሐኪም ቤት ይሻላል አሉ። ጎረቤቶቼ ቃሬዛ ይዘው ደጄ ደረሱ፤ እንዳላማውም ከፊት ነበር። መኪና ያለው ሰው ቃሬዛ ምን ያደርግለታል ብዬ መለስኳቸው።

«ቃሬዛ ለበሽተኛ ከወጣ ባዶውን ቤት አይገባም» አለ እንዳላማው። «እኛ በአቋራጩ እንከተላለን።»

እንደፈለጋችሁ አልኩና ሞተሩን አስነሳሁ። ጥላነሽን ከኋላ ገለባ ጎዝጉዘን፣ ከላይዋ ሸራ ወጥረን አስተኝተናት ነበር። እማማ ሸጊቱ አጠገቧ ተቀመጡ። የሚያስፈልግ ነገር ካለ የጋቢናውን ጣራ ይምቱልኝ አልኳቸው።

መንገዱ ጭቃ ነው። እኔም ቸኩያለሁ። ሞተሩ ያጓራል፣ መዝጊያው ይንኳኳል፣ ጣራው ይንቀጫቀጫል፤ ሁሉም የለመድኩት ነው። በየጉድጓዱ ስንዘል፣ ብቻ ቶሎ እንድረስ እያልኩ ማርያምን እለምናለሁ። ግማሽ መንገድ እንዳለፍን ዳገት ላይ ሞተሩ አንዴ ሳል ሳል ብሎት ጠፋ።

ሁሉም ጸጥ አለ። ጣራው ግን መደብደቡን አላቆመም።

ወርጄ ሮጥኩ። እማማ ሸጊቱ በአንድ እጃቸው ጣራውን ይመታሉ፤ በሌላው በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አቅፈዋል። ወንድ ልጅ ነበር፤ ትንፋሽ የለውም። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ መጣ፣ መኪናው እየዘለለ እጄ እምቢ አለኝ፣ ትንሽ ብትቆምልኝ እፈታው ነበር አሉኝ። ጥላነሽ ደሟ ገለባውን አርሶታል። ሞተሩን ብለው ብሠራው አልነሳ አለ። መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

እንዳላማውና ሰዎቹ ባዶውን ቃሬዛ ይዘው በአቋራጩ ብቅ አሉ። ማንም አልወቀሰኝም። ጥላነሽን አነሷት፤ እንዳላማው የቃሬዛውን የፊት እንጨት ለእኔ ለቀቀልኝ። በሕይወት ሐኪም ቤት የደረሰችው በዚያ ቃሬዛ ነው።

መንገዱን ሁሉ የእግራችን ኮቴና የእሷ ትንፋሽ ብቻ ይሰማኝ ነበር። አማኑኤል ይመስገን፣ ትተነፍሳለች እያልኩ እቆጥራለሁ። ማርቆስ ልንገባ ስንል ድምፅዋን ሰማሁ።

«ታረቀ፣ ጣራው ሲደበደብ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ» አልኳት። «መኪናዋ መስላኝ ነው።»

እንዳላማው ሊተካኝ ትከሻውን አስጠጋ፤ እኔ ግን እንጨቱን አለቅም አልኩት።