በቅርብ ልደቱ ያለፈው ሰው

ማርሊስ ቫቭራ ያን ቅዳሜ ሥራ የገባችው ሰበብ ፈልጋ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ልጇ ትሬንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከወንዙ ማዶ፣ አዮዋ ውስጥ፣ የሚወደውን ወንድ ያገባል። እነሱ በሚኖሩበት በነብራስካ አይፈቀድም፤ ድልድዩን ከተሻገሩ ግን ይፈቀዳል። ትሬንት "እማ፣ ካልመጣሽ ሁለተኛ አልለምንሽም" ብሏታል። ያለውን የሚያደርግ ልጅ ነው፤ ግትርነቱን ከማን እንዳመጣው እንኳ አይጠየቅም። እሷም "ሥራ ነበረብኝ" ለማለት እንዲመቻት የቅዳሜውን ፈረቃ ለምና ወሰደች።

ሥራዋ በስልክ የሰው አስተያየት መሰብሰብ ነው። የዚያ ቀን መጠይቅ ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ስትጠይቅ ሪፐብሊካኑ ይቆጣል፣ ዴሞክራቱ ያመነታል፣ ወጣቱ "ይሄም ይጠየቃል እንዴ?" ይላታል። ስልኩን ያነሳ ሁሉ አይጠየቅም፤ ከቤቱ አዋቂዎች መካከል ልደቱ በቅርብ ያለፈው ነው የሚፈለገው። የመለሰውም ለማንም አይነገርም፣ ለገዛ ቤተሰቡም ቢሆን።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ከካንሳስ ገጠር አንድ ሽማግሌ አነሳ፤ ኦርቪል እባላለሁ አላት። ልደቱ በቅርብ ያለፈው ማን እንደሆነ ጠየቀችው።

"ዴልማር ነዋ። ማክሰኞ ነበር። ቆይ ላገናኝሽ።"

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማች። ወንበር ተንቋቋ። ከዚያ ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ እንደ በረዶ ቀዘቀዘ።

"አቤት" አለ ሌላ ድምፅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚናገር ሰው።

ማርሊስ ጥያቄውን አነበበችለት።

"አጥብቄ እደግፋለሁ" አለ። "መጋቢት ላይም ደውለሽ ነበር፤ አንቺው ራስሽ። ያን ጊዜ አጥብቄ እቃወማለሁ አልኩሽ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች የሚሰልሉኝ መስሎኝ ፈራሁ። ኦርቪል ፊት ለፊቴ ሾርባውን እየጠጣ ሰማኝ። አሁን ቀይሪልኝ።"

አንዴ የተመዘገበ አይቀየርም ልትለው ፈልጋ ተወችው። ወደ መጨረሻው ጥያቄ ዘለለች፤ አግብተዋል፣ ፈተዋል፣ ወይስ አግብተው አያውቁም?

"አርባ አንድ ዓመት አብረን ኖርን" አለ ድምፁ። "ይሄ የትኛው ውስጥ ነው የሚጻፈው?"

ለዚያ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም።

ቅዝቃዜው ለቀቃት። ኦርቪል እያለከለከ ስልኩን አነሳ።

"መለሰልሽ? ምን አለሽ? እኔ እኮ ድምፁን አልሰማም፤ አፉ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የማየው። መጋቢት ላይ ከናንተ ጋር ባወራ በማግስቱ ነው የሞተው። ያን ማታ ተቀይሜው ሳላናግረው ተኛሁ።"

መስመሩን ስታዳምጥ የቆየችው አለቃዋ ጃኔል አጠገቧ መጥታ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ጀምሮ ሽማግሌው እስኪመለስ ከማርሊስ ድምፅ በቀር ምንም እንዳልሰማች በሹክሹክታ ነገረቻት፤ አሁኑኑ ዝጊው አለቻት። ማርሊስን ግን ሽማግሌው አንጀቷን በላት። ደንቡ ገደል ይግባ አለች በልቧ።

"አጥብቄ እደግፋለሁ ነው ያሉት። መጋቢት ላይ ያሉት ፈርተው ነው።"

ኦርቪል አለቀሰ። ቆይቶ፣ "አሁንም እዚሁ ቆሟል" አላት። "የግድግዳውን ሰዓት እየጠቆመ ወዳንቺ፣ ወደ ስልኩ ያያል። ምን ማለቱ ነው?"

ማርሊስ ሰዓቷን አየች፤ ስምንት ተኩል አልፏል።

"ልጄ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንድ ያገባል" አለችው። "እዚያ ላለመገኘት ነው ሥራ የገባሁት።"

"አንቺ በሕይወት አለሽ አይደል?" አለ ኦርቪል። "ታዲያ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?"

ማዳመጫውን አውልቃ ስትነሳ ጃኔል ስሟን ጠራች፤ አልዞረችም። ድልድዩን እንዴት እንደተሻገረች አታውቀውም። ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ሆኗል። እንግዳው ሁሉ ገብቶ ተቀምጧል፤ ትሬንት ብቻ፣ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ፣ በሩ ላይ ቆሞ መንገድ መንገዱን ያይ ነበር።