አሥራ ሦስተኛው ወንበር

ጥሪው የደረሰኝ ላሞቼ መውለድ ሊጀምሩ ሲሉ ነው። ማርች ለእኛ ለከብት አርቢዎች እንቅልፍ የሌለበት ወር ነው። በረዶው ገና አልቀለጠም፣ ጊደሮቹ ማማጥ ይጀምራሉ፣ አንዷ ምጥ ሲጠናባት ሰው አጠገቧ ከሌለ ወይ ጥጃዋ ይሞታል ወይ እሷ ትሞታለች። መንግሥት ግን ከዓመቱ ወር ሁሉ ይህንኑ መርጦ፣ "ወይዘሮ ቨርና ሆልትዝ፣ የጁሪ አባል ሆነው እንዲያገለግሉ ፍርድ ቤት ይቅረቡ" አለኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከብቶቹን የምጠብቀው ብቻዬን ነው። ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ልከተው ነበር፤ የቀረ ሰው ይቀጣል የሚለውን መስመር ሳይ ተውኩት።

ዳኛዋን ለመንኳት። ዳኛ ኢምሆፍ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፊቷ ሳቅ የማያውቅ ሴት ናት።

"ክብርት ዳኛ፣ ላሞቼ እየወለዱ ነው" አልኳት።

"የወንድሜም ላሞች እየወለዱ ነው፣ ወይዘሮ ሆልትዝ።"

"እሱን ግን አልጠሩትማ!"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እሷ አልሳቀችም። "ይቀመጡ" አለችኝ። ተቀመጥኩ፤ አሥራ ሦስተኛው ወንበር ላይ። ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብሎ በአንድ ድምፅ የሚወስነው ጁሪ አሥራ ሁለት ሰው መሆኑን ሕፃንም ያውቃል። እኔ ግን በንዴት ጦፌ ስለነበር ወንበር የመቁጠር ሐሳብ አልነበረኝም።

የተከሰሰው ዴርል ማካቢ የሚባል ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ነው። እኛ ማርስደን ከተማ ውስጥ ማካቢ ማለት ስድብ ነው ማለት ይቻላል። አያቱ ሰካራም ነበር፣ አባቱ ጥሏቸው ሄደ፣ ዶሮ ከጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው። ዴርል በሽማግሌው በአርሊን ቡርማን ብየዳ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ተጣልተው አባረረው። ከዚያ ባለፈው ኖቬምበር፣ አንድ ሰኞ ምሽት፣ የብየዳ ቤቱ በር ተሰብሮ መሣሪያው ሁሉ ተዘረፈ።

አርሊን ቡርማን እጁን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጭኖ ተናገረ። "አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዘግቼ ቤቴ ገባሁ። እራቴን በልቼ፣ መነጽሬን ረስቼ ኖሮ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስመለስ በሩ ተገንጥሏል።" አርሊን ስልሳ ዓመት ሙሉ ሰዓቱን ያላዛነፈ ሰው ነው፤ ሱቁ ሲዘጋ አይተን ነው እራት የምናቀርበው። ማንም አልተጠራጠረውም፤ እኔም።

ከመንገዱ ማዶ ያለው የእህል ጎተራ ካሜራ አለው። ዐቃቤ ሕጉ ቅጂውን ከፍቶ ግማሽ ደቂቃ አሳየን። ከሁለት የፊት መብራቱ አንዱ ብቻ የሚበራ ፒክአፕ በአርሊን በር ፊት ለፊት ቀስ ብሎ ያልፋል። የዴርል መኪና ለመሆኗ ክርክር የለም። ጥጉ ላይ የተጻፈው ሰዓት አሥራ ሁለት ከአርባ ነው፤ አርሊን ወጥቶ ሳይመለስ ባለው ሰዓት መሀል ማለት ነው።

ልጁ በበኩሉ፣ "በዚያ አልፌያለሁ፤ ግን የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች አዳራሻቸው ውስጥ ወዳዘጋጁት የፓንኬክ እራት ስሄድ ነው፣ ገና አሥራ ሁለት ሳይሞላ። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ" አለ። አክስቱና የአክስቱ ልጅ አብሯቸው ሲበላ እንደነበር መሰከሩለት።

ዐቃቤ ሕጉ ወደ እኛ ዞረና "ካሜራ አክስት የለውም" አለ።

ጥሩ አባባል ነበር፤ እኔንም አሳመነኝ። የልጁ ጠበቃ በእጁ ሌላ ስንት ዶሴ እንደያዘ አላውቅም፤ የሚጠይቀውን ሳይጨርስ ሰዓቱን ያያል። የዴርል እናት አንድ ቡናማ ካፖርት ለብሳ በየቀኑ አንድ ቦታ ትቀመጣለች፤ አንዴም ዓይኗን ከልጇ ጀርባ ላይ አልነቀለችም። ከተፈረደበት ስድስት ዓመት ነው። አዘንኩላት፤ ግን ሌባ ሌባ ነው አልኩ በልቤ።

ሙግቱ እሑድን ተሻገረ። በዚያ እሑድ ሰዓት ዞረ። እኛ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት የምናንቀሳቅስ ሕዝብ ነን፤ በማርች አንድ ሰዓት ወደ ፊት እንገፋዋለን፣ በኖቬምበር ደግሞ ወደ ኋላ እንመልሰዋለን። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፤ ላሞቼም አያውቁም። ሰኞ ስንመጣ የጁሪው ክፍል የግድግዳ ሰዓት አልተነካም፤ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ችሎት አስከባሪውን ጠየቅኩት።

"ጽዳት ሠራተኛው መሰላል ሲያገኝ ያስተካክለዋል" አለኝ።

"ይሄ ሁሉ ሕንፃ መሰላል የለውም?"

"እመቤቴ፣ ሰዓቱ ምን አደረገሽ?"

ሁሉም ነገር አናዶኝ ነበር እንጂ ሰዓቱስ ምንም አላደረገኝም። አሥራ ሁለቱ ሰዎች ግማሾቹ ሲያንቀላፉ እኔ ግን እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። ከመጣሁ አይቀር ብዬ በደንብ ሰማሁ። ረቡዕ ዕለት የችሎቱ ክርክር ሁሉ ሲያልቅ፣ እሺ፣ አሁን የእኔ ተራ ነው፣ አፌን እከፍታለሁ ብዬ ብድግ ስል ዳኛዋ ስሜን ጠራች።

"ወይዘሮ ሆልትዝ፣ እርስዎ ተጠባባቂ ነበሩ። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ቢታመም ወይም ቢወጣ ነው የሚያስፈልጉን። ውሳኔ እስኪሰጥ ስለ ጉዳዩ ከማንም ጋር አይነጋገሩ፤ ስልክዎ አይራቅዎ። እናመሰግናለን።"

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው! ከብቶቼን ጥዬ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ ተቀምጬ፣ መጨረሻ ላይ እናመሰግናለን! አሥራ ሁለቱ ወደ ክፍላቸው ሲገቡ አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩኝም። በሩ ፊቴ ላይ ተዘጋ። ደሜ ፈላ። እስከ ቤቴ ድረስ ዳኛዋን፣ ዐቃቤ ሕጉን፣ አገሩን እየሰደብኩ ነዳሁ።

ቤት ስደርስ የባሌ ወንድም ኢርቭ በረት በር ላይ ቆሟል። ከብቶቹን የተውኩት ለእሱ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ሳየው ገባኝ።

"የትኛዋ ናት?"

"ያቺ ግንባረ ነጯ ጊደር። ጥጃዋ በኋላ እግሯ መጥታ ሞተች። እናትየዋ ተርፋለች።"

"አንተስ የት ነበርክ?"

መሬት መሬት ያያል። "ጨዋታው ነበር፣ ቨርና። የእኛ ልጆች ሊንከን ከተማ እየተጫወቱ... በቴሌቪዥን ትንሽ ልይ ብዬ ነው ቤት የገባሁት።"

የማርስደን ልጆች የግዛቱ የቅርጫት ኳስ ውድድር ላይ ሲደርሱ ከሃያ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው፤ ከተማው በሙሉ አብዷል። ይገባኛል። ግን ጥጃዋ ገና እርጥብ ነበረች፤ ዓይኗ ተከፍቶ፣ ምላሷ ወጥቶ። ሴት ጥጃ ነበረች። ተንበርክኬ በጆንያ ሸፈንኳት። ኢርቭን ምን ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም።

በማግሥቱ ጠዋት ጥጃዋን የምቀብርበትን እቆፍር ነበር፤ መሬቱ ከላይ በረዶ ሆኖ ዶማ አይገባውም። ስልኬ ጮኸ። ችሎት አስከባሪው ነው።

"ወይዘሮ ሆልትዝ፣ ተፈልገሻል። አንድ ሰው ወጥቷል።"

"ማን?"

"ሎይድ።"

ሎይድ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ነው፤ ደግነቱ ልክ የለውም። አሥራ አንዱ ጥፋተኛ ነው ሲሉ እሱ ብቻ አድሬ ልወስን ብሎ ቤቱ ሄደ። ከዚያስ? ማታውኑ አርሊን ቡርማን ቤት ገብቶ ፓይ እየበላ፣ "አርሊን፣ እውነት በሩን ቆልፈኸው ነበር?" ብሎ ጠየቀው። እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራው የእኛ ከተማ ሰው ብቻ ነው፤ የጁሪ አባል ሆኖ ከሳሹን እቤቱ ሄዶ ይጠይቃል! አርሊን ደግሞ ቀጥተኛ ሰው ነው፣ ጠዋት ለሸሪፉ ተናገረ። ዳኛዋ ሎይድን አባረረችው፤ እኔን ጠራችኝ። ዶማውን ወርውሬ ጭቃ በጭቃ በሆነ ቦቲዬ እንዳለሁ ሄድኩ። እናመሰግናለን ያሉኝ ሰዎች አሁን ቶሎ ነይ ይሉኛል።

ዳኛዋ ሁላችንንም አቁማ፣ "እስካሁን የተነጋገራችሁትን እንዳልነበረ ቁጠሩት። ከመጀመሪያው ጀምሩ" አለችን። ገባን፤ በሩ ተዘጋ፤ በዚህኛው ጊዜ ከኋላዬ።

የጁሪው ሰብሳቢ ጋርዝ ሌህማን ነው፤ ኢንሹራንስ ይሸጣል፣ ጥርሱ በሳቅ አይከደንም። የከተማውን ቡድን ሹራብ ለብሶ መጥቷል። የዚያን ዕለት ማታ ሌላ ጨዋታ አለ፤ ሊንከን ደግሞ ሩቅ ነው።

"ቨርናዬ፣ እንኳን መጣሽ። ምንም አትደክሚም፤ እኛ ጨርሰናል። አንቺም ሁሉን ሰምተሻል። ጥፋተኛ ነው ትያለሽ?"

እላለሁ። ከልቤ አምናለሁ። እጄን ባነሳ ሁሉም አልቆ፣ ለምሳ እቤቴ እደርስ ነበር። ግን ጋርዝ አንድ እጁን አንስቶ፣ የእኔን እጅ እየጠበቀ፣ በሌላው የመኪናውን ቁልፍ ሲያሽከረክር አየሁት። ጥጃዋ ትዝ አለችኝ። ጨዋታው ነበር፣ ቨርና።

"ዳኛዋ ምን አለች?" አልኩት።

"እንግዲህ... እንደዚያ ማለት ደንብ ነው።"

"ከመጀመሪያው ጀምሩ አለች። ከመጀመሪያው እንጀምራለን።"

"ኧረ በናትሽ!" አለች አንዷ ከጥግ። "ልጆቼ ሊንከን ላይ እየጠበቁኝ ነው።"

"እኔን ደግሞ በረት ውስጥ የሞተች ጥጃ ትጠብቀኛለች። የማትነሳ ናትና አልቸኩልም።"

ጋርዝ ሳቁ ጠፋ። "አንቺ ሴት፣ ልጁን ነጻ ነው ልትይ ነው?"

"ሌባ ነው። ግን አንዲት ወረቀት ሳትቀር አያታለሁ። ሳምንት ሙሉ ላሞቼን ጥዬ የመጣሁት አንተ ኳስ እንድታይ ነው?"

ተነጫነጩ፣ ተሳደቡ፣ አንዱ ጠረጴዛውን መታ። እኔ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ተቀመጥኩ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዘዋወርኳቸው። የተሰበረውን በር፣ ባዶውን መደርደሪያ፣ ሁሉንም። በጉዳዩ ላይ ጥርጣሬ ስለነበረኝ አይደለም፤ እልህ ነው። ከዚያ የካሜራውን ቅጂ ጠየቅኩ።

"አይተነዋል እኮ!"

"ግማሽ ደቂቃ ነው ያየነው። ማስረጃ ተብሎ የገባው ሙሉ ምሽቱ ነው። ከመጀመሪያው ክፈቱት።"

ተከፈተ። ባዶ መንገድ። ውሻ አለፈ። ነፋስ ወረቀት ይዞ ሄደ። አንዱ አንኮራፋ። በስተመጨረሻ ያቺ አንድ ዓይና ፒክአፕ መጣች፣ ቀስ ብላ አለፈች፣ ጠፋች።

"ይኸው!" አለ ጋርዝ። "ማካቢ። ጠገብሽ?"

"ይቀጥል።"

"ቨርና..."

"ይቀጥል አልኩ!"

ቀጠለ። እንደገና ባዶ መንገድ። ጋርዝ ጃኬቱን መልበስ ጀምሯል፤ አንድ እጁ እጅጌ ውስጥ እንደገባ ቀረ። ስክሪኑ ላይ የብየዳ ቤቱ በር ተከፈተ፤ ሳይሰበር፣ በእርጋታ። አርሊን ቡርማን ወጣ። ባርኔጣውን ደፋ። ቆለፈ። እጀታውን ሁለት ጊዜ ጎተት አድርጎ ሞከረ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።



"አርሊን ነው እንዴ?" አለ አንዱ።

"አርሊን ነው።"

"ፒክአፗ ስታልፍ... ውስጥ ነበር ማለት ነው? በሩም ደኅና ነበር?"

ጋርዝ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ጥጉ ላይ ያለው ሰዓት አንድ ይላል። "አርሊን በአሥራ ሁለት ዘጋሁ ነው ያለው። አርሊን ደግሞ አይሳሳትም።"

ያኔ ኦፓል ቀና አለች። ኦፓል ሰማንያ አልፏታል፤ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረችም። የምታየው ስክሪኑን አልነበረም፤ ያንን ግድግዳ ላይ ያለውን፣ መሰላል ያላገኘውን ሰዓት ነው።

"ዝርፊያው ሰኞ ነው አይደል?" አለች። "የኖቬምበር መጀመሪያ ሰኞ? እሑዱን ሰዓት መልሰናል። የጎተራውን ካሜራ ማንም አልመለሰውም፤ አንድ ሰዓት ይቀድማል። ልጁ ያለፈው፣ እንዳለው፣ አሥራ ሁለት ሳይሞላ ነው።"

እያንዳንዳችን ቀና ብለን ግድግዳውን አየን። እዚያው ከራሳችን በላይ ተሰቅሎ ሰንብቷል። ሰዓት አልዞረም ብዬ የተቆጣሁት እኔው ነኝ፤ ዞር ብዬ ለአንድ ደቂቃ አላሰብኩም። ሸሪፉም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ ጠበቃውም አላሰቡም። የሚፈልጉትን መኪና አገኙ፣ ዘጉት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይሄ ነው። ያን ሰዓት የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም፤ ንዴቴ ግን አሁን ወደ ሌላ ሰው የሚሄድ አልነበረም።

"ከጠዋት ጀምሮ ስድስት ዓመት ልፈርድበት እጄን አንስቼ ነበር" አለ ጋርዝ። እጅጌው አሁንም ግማሽ ነው። "አንድ እጅ እኮ ነው የጎደለው።"

ቀሪውን ቅጂ እስከ መጨረሻው አየነው፤ በሩን የገነጠሉት በሌላ መኪና የመጡ፣ በጨለማው ፊታቸው የማይለይ ሰዎች ናቸው፤ ያቺ አንድ ዓይና ፒክአፕ አልተመለሰችም። ጥፋተኛ አይደለም ብለን ስንፈርም የኳሱን ነገር ያነሳ አልነበረም።

ውሳኔው ሲነበብ ዴርል ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ዳኛ ኢምሆፍ ወደ እኔ፣ ወደ ጭቃማው ቦቲዬ አየችና ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን በትንሹ ነቀነቀች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ውጭ ደረጃው ላይ እናቱ ደረሰችብኝ። ሁለት እጄን ይዛ ለቀቅ አላደርግ አለች።

"እርስዎ ነዎት ሁሉም ይታይ ያሉት፣ ነገሩኝ" አለችኝ እያለቀሰች። "ሌላው ሁሉ ሲፈርድበት እርስዎ ልጄን አመኑት። ይህን የመሰለ ልብ የሰጠዎት አምላክ ይባረክ።"

አፌን ከፈትኩ። አላመንኩትም ልላት ነበር። ጥጃዬ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ከሁሉም ቀድሜ እጄን አነሳ ነበር ልላት ነበር። እሷ ግን በዚያ ቡናማ ካፖርት እጄን ደረቷ ላይ አጥብቃ እንደያዘች ናት።

"ልጅሽን ይዘሽ ግቢ" አልኳት። ከዚያ ወደ ጀመርኩት የጥጃዋ ጉድጓድ ተመለስኩ።